ኩሱ የወደቀበት

ዛሬ ጠዋት ታጥቤ፣ ተቀባብቼ፣ ያቺን የምወዳትን ነጭ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ገና ከደጄ ብቅ ከማለቴ ከዋርካው ላይ ኩስ ወረደብኝ። ይኸው ሰሞኑን ሥራዬ ይኸ ሆኗል። ተመልሼ ነጠላዬን በሳሙና እያሸሁ ስነጫነጭ ያ ሽታ፣ ያ የዓሣና የዋርካ ፍሬ ቅልቅል ሽታ ይዞኝ ጭልጥ አለ። ለሰው ልጅነቱን የሚያስታውሰው የአበባ ሽታ ነው፣ የእናቱ ሽቶ ነው፤ ለእኔ ግን የወፍ ኩስ ሆነ። ምን ይደረጋል፣ እድሌ ነው።

ዛሬም የምኖርበት የአባቴ ቤት ባሕር ዳር፣ ጣና ጫፍ ላይ ነው። አባቴ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከወሎ የመጣ ደመወዝተኛ ሲሆን፣ ጎረቤታችን ጋሽ ሁሴን ደግሞ ከደንገል ታንኳ እየሠሩ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ፤ ግቢያቸው ክረምት ከበጋ እርጥብ ደንገል ይሸታል። ዋርካው የቆመው በሁለቱ ግቢዎች ድንበር ላይ ነው፤ ግንዱ እኛ ጋ፣ የቅርንጫፉ እኩሌታ እነሱ ጋ። አባቶቻችን አንድ ሰሞን በዚህ ዛፍ ሊቀያየሙ ደርሰው ነበር። በመጨረሻ ጋሽ ሁሴን ሳቁና፣ «ተከልሁ የሚል ሰው የለ፤ ወፍ ዘራሽ ነው። ከወፍ ኩስ ክስ አይወጣም» አሉ፤ ነገሩም በዚያው በረደ።

ያልበረደው በእኔና በልጃቸው በሰይድ መካከል ነው። እኩዮች ነበርን፤ ቀኑን ሙሉ አንጋጠን በየግቢያችን ያረፈውን የወፍ ዓይነት እየመዘገብን እንፎካከራለን። ስሙን የማናውቀውን ራሳችን እንሰይመዋለን፤ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበውን ያን ጯሂ ጥቁር ወፍ «ባለቆቡ» አልነው፣ ነጭ ጅራቱን እንደ መቀነት የሚያስጎትተውን ትንሹን ደግሞ «ሙሽራው»። ችግሩ ዋርካው ላይ ያረፈው የማን ነው የሚለው ነበር። ተደባድበን ሲሰለቸን ከጋሽ ሁሴን ንግግር ሕግ አወጣን፤ ኩሱ የወደቀበት ግቢ የወፉ ባለቤት ነው።

ሕግ ማውጣት ቀላል ነው፤ ከሰይድ ጋር በሕግ መኖር ግን እንኳን ለልጅ ለዳኛም ያስቸግራል። ወፉ በእኛ በኩል ካረፈ እያጨበጨበ ወደነሱ ያሸሸዋል። ወንዱንና ሴቷን ሁለት ዓይነት አድርጎ ይቆጥራል። የከረመ ደረቅ ኩስ በቅጠል ይዞ መጥቶ «አሁን የወደቀ ነው፣ ትኩስ ነው» ብሎ ይምላል። ስቆጣ ደግሞ፣ «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች፤ አንቺም ጩኺ» ይለኛል። በዚያ ላይ እኔ ባሸነፍኩ ቁጥር የእናቴ የታጠበ ልብስ ይበላሻል፤ የድሌ ዋጋ ቁንጥጫ ነበር።

ከዚያ ያቺ ወፍ መጣች። ዓርብ ቀን ነው። ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ምናልባት ከዘጌ ጫካ፣ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች የምትመስል ወፍ ድንበሩ ላይ ካለው ቅርንጫፍ አረፈች፤ ክንፏን ስትዘረጋ ውስጡ እንደ ካፖርት ገበር ቀይ ሆኖ ብልጭ ይላል። ከዚያ በፊት አይተናት አናውቅም። «ባለ ቀይ ገበሯ» ብለን ወዲያው ሰየምናትና አፋችንን ከፍተን ኩሷን መጠበቅ ጀመርን። እሷም ፍሬዋን እየለቀመች ስታሠቃየን ቆየች። በዚህ መሀል ጋሽ ሁሴን የተዋሱትን መጥረቢያ ሊመልሱ ወደ እኛ ግቢ ገቡ፣ ከዋርካው ሥር ደረሱ፣ እሷም ለጁምዓ ያደረጉት ነጭ ኮፍያ ላይ ጣል አድርጋው በረረች።

«በእኛ መሬት ነው፣ የእኔ ናት!» አልኩ።

«መሬት መቼ ነካ? የወደቀው ካባቴ ራስ ላይ ነው፤ ያባቴ ራስ ደግሞ የእኛ ነው!» አለ ሰይድ።

ጋሽ ሁሴን ሁለታችንንም አየት አደረጉና፣ «እንግዲያ ኮፍያውን ያጠበ ይውሰዳት» አሉ። ተሻምተን ኮፍያውን ለሁለት ቀደድነው።

ባለ ቀይ ገበሯ ከዚያ ወዲህ ያለ ባለቤት ቀረች። እንዴት እንዳቃጠለኝ! ሰይድ ሠርጌ ላይ ሊመርቀኝ ቀርቦ «ውለጂ ክበጂ፤ ወፏ ግን የእኔ ናት» ያለኝ ሰው ነው። ጋሽ ሁሴን ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ልደርስ ብገባ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ «ምስክራችንም ሄደ» አለኝ፤ እየሳቅን አለቀስን።

በኋላ የነሰይድ ግቢ ካፌ ሆነ፤ እሱም ቆጋ ሄዶ በመስኖ ድንች ያለማል። ፉክክሩ ግን አልቀረም። የዩኒቨርሲቲው የፔዳ ግቢ ተማሪዎች ሁሉም በየሰፈሩ ያየውን ወፍ የሚያስመዘግብበት የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው እኛንም አስገቡን። ልጆቹ ፎቶ ካልታየ አያምኑም፤ ስለ ኩስ ሕጋችን ብነግራቸው የሚስቅ ምስል ላኩልኝ። ሰይድ በበኩሉ ገና ሳይነጋ ከቆጋ ግድብ ዳር እየደወለ፣ «ይብራው መጣ፤ ኩሱም በእኔ ውሃ ወደቀ!» እያለ እንቅልፍ ይነሳኛል። ስንቴ ስልኩን ልዘጋበት አስቤ ተውኩት።

ባለፈው ሰሞን የካፌው ደንበኞች «ጠረጴዛችን ላይ ኩስ ይወድቃል» ብለው አማረሩና በእነሱ በኩል ያለው የዋርካው ቅርንጫፍ አንድ ሳይቀር በመጋዝ ወረደ። ወጥቼ ብጮህ የካፌው ኃላፊ፣ ትሑት ልጅ ነው፣ «ለጽዳት ነው እኮ እትዬ» አለኝ። ዛፉ በቁስሉ ነጭ ወተት ያንጠባጥባል። አሁን ወፉ ሁሉ እኔ ጋ ተፋፍጓል። የተቆረጠውን ፎቶ አንስቼ ለሰይድ ላኩለት።

ነጠላዬን እያሸሁ ሳለ ደወለ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለ። «እንግዲህ ኩሱ ሁሉ ባንቺ በኩል ሆነ፣ አሸነፍሽ። ባለ ቀይ ገበሯንም ውሰጃት፤ ተውሁልሽ።»

ደሜ ፈላ። የልጅነቴን ምኞት ሁሉ ባንድ ጠዋት አገኘሁት፤ ግን ምን ያደርግልኛል? አባቴ የለ፣ ጋሽ ሁሴን የሉ፣ ቅርንጫፉ የለ፤ የቀረኝ የእሱ እምቢታ ነበር።

«አልወስድም!» ብዬ ጮህኩ፣ የሳሙና አረፋው ከእጄ እየተንጠባጠበ። «ባባትህ ራስ ላይ ነው የወደቀው! መሬት አልነካም! የእናንተ ናት!»

እስኪመልስልኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ጠበቅኩ። ይጮህብኛል፣ ይሳደባል፣ ቢያንስ «ጩኺ» ይለኛል ብዬ።

«እንዳልሽ ይሁን» አለኝ።