ዳቦውን የሚቆርሰው ሰው

ቃል ሲገጥመኝ ሥሩን ካልቆፈርኩ አይሆንልኝም። እናቴ «ይቺ ልጅ ነገር ካልፈለፈለች ያማታል» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ሮተርዳም ባለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙሩን ግጥም ለልጆቹ በእንግሊዝኛ ስክሪን ላይ የማወጣው እኔ ነኝ። «ጌታ» በመጣ ቁጥር «ሎርድ» እጽፋለሁ። አንድ እሑድ እየጻፍኩ ሳለ፣ ይሄ ሎርድ የሚሉት ከየት መጣ? አልኩ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ፣ በምሠራባት በዴልፍት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ ዳቦ እና ጠባቂ። «ሌዲ» ደግሞ ዳቦ አቡኪ። የቤቱ አገልጋይ ዳቦ በላተኛ ይባል ነበር። ቤተ መንግሥት ስጠብቅ ሊጥ አገኘሁና ብቻዬን ሳቅኩ።

በዚያው ሳምንት እንቁጣጣሽ ነበር። ሻርሎይስ ሰፈር እነ እናቴ ቤት ስሄድ ሜትሮው ውስጥ የእንጀራ አባቴ ነገር ትዝ አለኝ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ መጦሪያ ቤት አረጋውያን ሲያጥቡና ሲያለብሱ እየዋሉ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በበዓል ድፎ ዳቦውን ባርኮ የሚቆርሰው አባወራው ነው። እሳቸው ግን ሁልጊዜ ቢላውን ለእንግዳ ይሰጣሉ። ትሕትና ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእኛ ቤት ደንታ የማይሰጣቸው ይመስለኝና እናደድ ነበር።

ዳቦው ቀረበ። ያገኘሁትን አንድ በአንድ ተረኩና «ታዲያ የዚህ ቤት ዳቦ ጠባቂ እርስዎ አይደሉ? ለምንድን ነው የማይቆርሱት?» አልኳቸው።

እናቴ አቀረቀረች። እሳቸው ፈገግ አሉ።

«ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ። ቢላውን ሳነሳ ‹አንተ አባቴ አይደለህም፣ ዳቦአችንን አትንካ› አልሽኝ። ራስሽ እስክትሰጪኝ ልጠብቅ ብዬ ነው።»

ምንም አላስታውስም። የስንቱን ቃል ሥር ስቆፍር የራሴን ረስቼዋለሁ። የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል ስሰማ ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ አፈርኩ።

ቢላውን አንስቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። «አባዬ፣ ይባርኩልን» አልኩ።

ባረኩ። ሃያ ዓመት ያልቆረሰ እጅ ነውና ቁራሹ ተንጋደደ። የመጀመሪያውን ለእኔ ሰጡኝ።