ከሦስተኛው ጥሪ በፊት

ደብረ ብርሃን ያለችው ልጄ ስልክ ገዝታ ስትሰጠኝ፣ «አባባ፣ የማያውቁት ቁጥር ከሆነ እንዳያነሱ፤ ዘንድሮ አታላዩ በዝቷል» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እሺ አልኳት። በማግስቱ የማላውቀው ቁጥር ጠራ። እጄ ቀድሞኝ አነሳው፤ አፌም «አቤት!» አለ። በግ ነጋዴ መስዬው በስህተት የደወለ ሰው ነበር። ልጄ ሰምታ ተቆጣች። ምን ላድርግ? ጥሪ ሰምቼ ዝም ማለት ካቃተኝ ብዙ ዘመኔ ነው።

ደርግ የወደቀበት ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ነው። እኔ ገና ሚስት ማግባቴ ነበር። የነፍስ አባታችንን መምሬ ጥላሁንን አጅቤ ራቤል ከተማ የአጎቴ ተዝካር ላይ ውዬ፣ በማግስቱ የጓሳን ደጋ አቋርጠን ወደ መንደራችን እየተመለስን ነው። እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግር። ከተዝካሩ የተረፈ ድፎ ዳቦና በሶ ይዘናል። ያን ጊዜ መንገዱ ሁሉ ያስፈራ ነበር። የተበተነው ወታደር በየአቅጣጫው ወደ አገሩ ይጎርፋል፤ አንዳንዱ መሣሪያውን እንደያዘ ነው ይባላል።

እኔ ግን ከወታደሩ ይልቅ የምፈራው የጓሳን ጉም ነበር። በቀትር ይወርድና የምትስበውን በቅሎ ጆሮ እንኳ ይሰውርብሃል። እኛ አገር ደግሞ ልጅ ሆነን የተነገረን ነገር አለ፤ በጉም ውስጥ የጠራህን ሦስት ጊዜ ሳይጠራህ አቤት አትበል። ሰው ከሆነ ይደግማል፤ ክፉ መንፈስ ግን ሦስተኛውን አይጠራም።

እመካከሉ ስንደርስ ጉሙ ወረደ። እርጥቡ የጓሳ ሣር ባቴን እያራሰው በቅሎዋን ስስብ፣ ከግራ በኩል ድምፅ መጣ።

«የሰው ያለህ!»

በቅሎዋን አቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ አሁን ቀጠን ብሎ፣ «የሰው ያለህ…»

ሦስተኛውን ጠበቅን። የለም።

«መምሬ፣ እንሂድ። አልደገመም» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ለመድገም አቅም ያጣ ሰው ቢሆንስ?»

«ሰው ባይሆንስ?»

«ካልሆነማ የሚፈልገው እኔን ነው፤ ስንት ዘመን በጠበል ሳስቸግረው ኖሬያለሁ!» ብለው ከበቅሎ ወረዱ። መስቀሉን የያዘ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። «እኔም ፈርቻለሁ ልጄ። ሰው ሆኖ ትተነው ከሞተ፣ ነገ እግዚኦ ብዬ ስጣራ ማን ይሰማኛል?»

አማተቡና ወደ ጉሙ ገቡ። «አቤት! አቤት ልጄ፣ መጣን!» ተከተልኳቸው።

የወታደር ካፖርት የለበሰ ወጣት ሣሩ ሥር ተኮራምቶ አገኘን። እግሩ አብጦ ሸራ ጫማው ተተርትሯል። በሶ በጥብጠን አጠጣነው፤ የለበስኩትን የሱፍ ባና ደረብኩለት። ሰይድ እባላለሁ፣ የወሎ ልጅ ነኝ አለን። «ጓደኛዬ ግርማ መንገድ ልፈልግ ብሎ ሄደ።»

በቅሎዋ ላይ ስናወጣው፣ ከቀኝ፣ ከገደሉ በኩል፣ ሌላ ድምፅ ተጣራ።

«ሰይድ!»

አንድ ጊዜ ብቻ። ሦስታችንም «አቤት!» አልን። ሰይድ ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣም፤ ከንፈሩን ብቻ አየሁ። ደጋግመን ጮህን። ገደሉ የራሳችንን ድምፅ መለሰልን።

«አንተ ይህን ልጅ አድርስ» አሉኝ መምሬ። «እኔ እየተጣራሁ ልቆይ። ድምፅ ከሰማ ይመጣል።»

ቁልቁል ስወርድ ከኋላዬ «አቤት… አለን…» የሚለው ድምፃቸው እየቀጠነ ሄደ። ሰይድን መጀመሪያ ያገኘሁት ቤት አስገብቼ፣ ሰው ይዤ ስመለስ መምሬ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ከንፈራቸው ግን አቤት ይላል። ግርማ ያን ዕለትም፣ ጉሙ ከተገፈፈ በኋላም አልተገኘም።

ሰይድ እግሩ እስኪድን እኛ ቤት ከርሞ ወደ አገሩ ገባ። የመምሬ ድምፅ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ቅዳሴ ላይ ሲሰነጠቅ ሰው እርጅና ይለው ነበር፤ ለእኔ የሚታየኝ ገደሉ ነበር። ሙታን በሚታሰቡበት ሁሉ ግርማን በስሙ እየጠሩ ኖረው፣ እሳቸውም አረፉ።

ይኸው እስከ ዛሬ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። እምነት የሚሉት ነገር ሲነሳ የሚታየኝ ያ የሚንቀጠቀጥ የመምሬ እጅ ነው።

ትናንት ጉሙ እስከ ደጃፌ ወረደ። በጎቹን አስገብቼ በረቱን ስዘጋ፣ ከጓሳ በኩል ድምፅ የመሰለ ነገር ሰማሁ። ነፋስ ይሆናል። አማተብኩና «አቤት ግርማ፣ አለን» አልኩ።

ሦስተኛውን አልጠበቅሁም።