የሰባተኛዋ ልጅ ግራ ዓይን

በአሻንጉሊት መሥሪያ ቤቱ ሰው የሚጠራው በሥራው ነው፤ ፀጉር ሰፊዋ፣ ልብስ ቆራጩ፣ እቶን ጠባቂው እየተባለ። የምነግራችሁን ሴት ደግሞ ዓይን ሰሪዋ ይሏታል። ሐኪም እንዳትመስላችሁ። ሥራዋ ከሸክላ አፈር ተጋግረው የወጡትን መላጣ ጭንቅላቶች በግራ እጇ ይዛ፣ ጫፏ ከመርፌ በማትወፍር ብሩሽ ዓይን መሳል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ መስኮት ሥር፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣበታለች። ብሌኑ ላይ የምታርፈው የመጨረሻዋ ነጭ ነጥብ እስክትጨመር ድረስ አሻንጉሊት ዕውር ናት፤ ነጥቧ ስታርፍ ግን ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው የገባ ይመስላል። እቶን ጠባቂው እንዲያውም፣ "ነጥቧን ከጣለችባቸው በኋላ ፊታቸው ምሳ መብላት ያሳቅቀኛል፤ እንብላ ልላቸው ሁሉ ይቃጣኛል" ይል ነበር።

እነዚህ አሻንጉሊቶች ልጅ መሬት ለመሬት የሚጎትታቸው ዓይነት አይደሉም። የሚገዟቸው ሰብሳቢ የሚባሉ፣ የመስታወት ቁም ሣጥን ያላቸው፣ ከስብስቡ አንዷ ብትጎድልባቸው እንቅልፍ የሚያጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አይፈረድባቸውም፤ ሰው እንቅልፍ የሚያጣበትን ነገር መርጦ አይደለም። የአሻንጉሊቶቹ መነሻ የአንድ ሽማግሌ ሥዕሎች ናቸው። ሠዓሊው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈር ልጆች ሲስሉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ልጅን ሳቅ፣ ቀጥ በል አይሉም። ጥርሱ የወለቀውን ከነወላቃው፣ ጉልበቱ የተላጠውን ከነቁስሉ፣ ያኮረፈውን ከነኩርፊያው ነው የሚስሉት። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ፣ እሷም ሴት ናት፣ ከሥዕሎቹ አሥራ ሁለቱን መርጣ ከእያንዳንዱ ሁለት መቶ አሻንጉሊት እንዲወጣ ከሽማግሌው ጋር ስትስማማ፣ እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የእያንዳንዷ የመጀመሪያ ጭንቅላት ከሥዕሉ ጎን ትቀመጣለች፤ እሳቸው አይተው ማጅራቷ ላይ ይፈርማሉ። ፊርማው ከሌለ ሁለተኛዋ አትሠራም።

ሰባተኛው ሥዕል ላይ ያለችው የዓይን ሰሪዋ የገዛ ልጅ ነበረች።

ልጅቷን ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ስትሳል ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ወሬኛ፣ ገመድ ስትዘል የምትውል ልጅ። ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ ያደላል። ሸውራራ ናት፤ ነገሩን ማለባበስ አያስፈልግም፣ የሰፈር ልጆችም አላለባበሱላትም። እናቷ ፎቶ ስታስነሳት፣ "እስቲ ትንሽ ወደ ግራ ዙሪልኝ፣ አዎ እንደሱ" እያለች ሁልጊዜ በጎን ነበር የምታስነሳት። ሠዓሊው ግን ዝላይ ገመዷን እንደያዘች ደጃቸው ላይ ቁጭ አደረጓትና ፊት ለፊት ይስሏት ጀመር። ልጅቷ እንደለመደችው ዞር ስትል፣ "ምን አስዞረሽ?" አሏት።

"ዓይኔ ይታያላ፣ አባባ።"

"እንዲታይ አይደል እንዴ የምስለው? ስሚኝ፣ የሌላው ሰው ሁለቱም ዓይኖች የሚያዩት አንዱኑ ነገር ነው፤ ትርፉ ድካም ነው። ያንቺ ግን አንደኛው እኔን ያያል፣ አንደኛው አንቺን ይጠብቃል። ሁለተኛ እንዳታዞሪብኝ።"

ልጅቷ ይህን ይዛ እየሮጠች ቤት ገባች። እራት ላይ ለእናቷ ነገረቻት፣ ሲነጋም ደግማ ነገረቻት፣ ትምህርት ቤትም ወስዳ አወራችው። ሥዕሉ አሻንጉሊት ሊሆን ነው ሲባል ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። በዓይኗ ለሚያበሽቋት ልጆች፣ "ቆዩ ብቻ፣ የእኔ ዓይን መስታወት ውስጥ ይቀመጣል፤ የናንተን ማን ያስቀምጠዋል?" ትላቸው ነበር። እናትየው ይህን ስትሰማ አብራ ትስቃለች። ሳቋ ግን ከጥርስ አያልፍም።

የሰባተኛዋ ተራ ሲደርስ ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል፣ ሠዓሊው ደግሞ አልጋ ይዘዋል። አለቃዋ የመጀመሪያዋን ጭንቅላት ቤታቸው ድረስ ላምጣልዎ ብትላቸው አልፈለጉም። "የሷማ እናቷ እዚያው አለች አይደል?" ብለው ላኩ። "ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃታለች። እሷ ትፈርም።"

ዓይን ሰሪዋ ሥዕሉን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ብሩሽ ሳታነሳ ዋለች። ሐሳቧ ውስጥ የሚመላለስባት አንድ ነገር ነው። ከዓመት በፊት ሱቅ ውስጥ ወረፋ ይዘው ሳለ አንዲት ሴት ልጅቷን አየት አድርጋ ለጓደኛዋ፣ "ምስኪን፣ እንዴት ያለች ቆንጆ ይወጣት ነበር፣ ያቺ ዓይኗ ባትኖር" ስትል ሰምታ ነበር። ቃሏ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ እሾህ ተሰክታባት ቀርታለች። አሁን ሁለት መቶ ቤት ታያት፤ ሁለት መቶ የመስታወት ቁም ሣጥን፣ በየፊቱ ቆሞ "ምስኪን" የሚል እንግዳ። ልጇን ለሁለት መቶ ሰው ከንፈር መምጠጫ አሳልፋ የምትሰጥ መሰላት። በሦስተኛው ቀን ብሩሿን አነሳችና የግራውን ብሌን ልክ እንደ ቀኙ መሐል ላይ አሳረፈችው። እጇ ንቅንቅ አላለም።

አጠገቧ የምትቀመጠው ባልንጀራዋ፣ ፀጉር ሰፊዋ፣ ከመርፌዋ ቀና ብላ አየቻት።

"አንቺ፣ ሥዕሉ ላይ እንዲህ ነው እንዴ?"

"ብትስተካከል ምን አለበት? ሰው የሚገዛት ስለምታምር ነው።"

"እኔ ምን ጨነቀኝ። ግን ሰውዬው ያያሉ።"

"እሳቸው አልጋ ላይ ናቸው። ፈርሚ የተባልኩት እኔ ነኝ።"

"እንግዲህ ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች እንዳይሆንብሽ" አለችና ፀጉር ሰፊዋ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

ዓይን ሰሪዋ የአሻንጉሊቷ ማጅራት ላይ ፈረመች። ሁለት መቶዎቹ ተሠርተው ወጡ። እውነቱን ለመናገር ከሰብሳቢዎቹ አንድም ቅር ያለው የለም፤ ከአሥራ ሁለቱ ቀድማ ተሸጣ ያለቀችውም ሰባተኛዋ ናት። አለቃዋ በጣም ስለተደሰተች የመጀመሪያዋን፣ ያችን ፊርማ ያለባትን፣ በስስ ወረቀት ጠቅልላ ከነሣጥኗ ለእናትየው ሰጠቻት።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለች። እጅሽን ታጠቢ ሳትባል ሄዳ ታጠበች፤ ይህ በዚያ ቤት ተደርጎ አያውቅም። ወረቀቱን እንዳይቀደድ በጣቷ ጫፍ እየገለጠች አወጣቻት። ቀሚሱ የራሷ ቀሚስ ነው፣ ገመዱም የራሷ ገመድ፤ ግንባሯ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። ከዚያ ፊቷን አየች። ብዙ ቆየች። ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደቻት፤ ምናልባት ከሌላ በኩል ሲያዩት ይሆን ብላ አዘነበለቻት፣ ደግሞ አዞረቻት።

"እማ፣ ረስተሽው ነው?"

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ዓይን ሰሪዋ ከዚያ ወዲህ በኖረችው ዘመን ሁሉ ወደዚህች ጥያቄ ስትመለስ ነው የኖረችው። ልጅቷ በሩን ከፍታላት ነበር። አዎ፣ ረሳሁት፣ የእኔ ነገር ብትል ኖሮ ውሸት ነው፤ ግን አንድ ሳምንት የማይቆይ ውሸት ነው፣ ተሳስቀው እራታቸውን ይበሉ ነበር። ችግሩ ሴትዮዋ በሥራዋ የምትኮራ ናት። ብሩሽ ይዛ የረሳችው ነገር የለም፤ ረሳሁ ማለት አልሆነላትም።

"ምን እረሳለሁ፣ አሳመርኩሽ እንጂ" አለቻት።

ልጅቷ፣ "እህ" አለች። አሻንጉሊቷን በወረቀቷ መልሳ ጠቀለለች፣ ሣጥኑን ዘጋች፣ ወንበር ስባ ወጣችና ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ከግድግዳው አስጠግታ አስቀመጠቻት። ከዚያ የቤት ሥራዋን ልትሠራ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ለክፍል ጓደኞቿ ምን እንዳለቻቸው የሚያውቅ የለም። እናትየው የምታውቀው ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ፀጉሯን በግራ በኩል ወደ ፊት እየለቀቀች ማበጠር መጀመሯን ነው። ፎቶ ሲነሳ ዙሪ የሚላት አያስፈልግም፤ ራሷ ትዞራለች። ገመዷን ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው። የሠዓሊውን ነገር ደግማ አላነሳችም።

ፀጉር ሰፊዋ ሽማግሌውን ልትጠይቅ ስትሄድ ከሁለት መቶዎቹ አንዷን ይዛላቸው ነበር። አልተቆጡም አለች። አይተው አይተው፣ "እናትየዋ ፈራች" ብለው አሻንጉሊቷን መለሱላት። ወር ሳይሞላም ሞቱ። ለዓይን ሰሪዋ ቢቆጡ ይሻላት ነበር፤ የተቆጣ ሰው እግሩ ላይ ተወድቆ ይቅርታ ይጠየቃል። ሥዕሉም ተሸጠ፤ የገባበትን አለቃዋም አታውቅም።

ዓይን ሰሪዋ ልታርመው አልሞከረችም አይባልም። ከስብርባሪ ማጠራቀሚያው ማጅራቷ የተሰነጠቀች አንዲት የሰባተኛዋን ጭንቅላት ለምና ወሰደች፤ ሌላው ሰው ምሳ ሲወጣ እሷ ቁጭ ብላ ትስላለች። ልጇን እንዳለች አድርጋ ልትስል። ግን ቀጥ ያለ ዓይን ሁለት መቶ ጊዜ የሳለ እጅ ሌላ መንገድ አያውቅም፤ ብሌኑ በራሱ ሄዶ መሐል ላይ ቁጭ ይላል። በግድ ወደ አፍንጫው ስታስጠጋው ደግሞ የልጇ መሆኑ ይቀርና የሚያሾፍ ሰው ዓይን ይሆንባታል። ምን ያህል ነበር የሚያደላው? ለመሆኑ ፊት ለፊት ያየቻት መቼ ነው? ፀጉሯን ስታበጥርላት፣ ስታበላት፣ ስታስተኛት ሁልጊዜ ከጎን ነበረች። ሽማግሌው በጥቂት ከሰዓት በኋላዎች ያወቁትን የልጅቷን ፊት፣ እሷ በዘጠኝ ዓመት እንዳላወቀችው ያን ጊዜ ገባት። አፈረች። ብቻዋን ተቀምጣም አለቀሰች።

ልጅቷ አሥራ አምስት ሲሆናት ቆርጣ ጠየቀቻት። "እስቲ አንድ ቀን ቁጭ በይልኝ፣ ልሳልሽ።"

"እንዴት አድርገሽ?"

"እንዳለሽ።"

ልጅቷ ከመጽሐፏ ቀና አላለችም። "ይቅርብሽ እማ። ያቺ ትበቃለች።"

ይህን ያለችው በክፋት አይደለም፤ የባሰውም ለዚህ ነው። ክፉ ልጅ ብትሆን ይቀል ነበር። የእናቷን መነጽር እየደበቀች የምታስቅ፣ ወገቧን ሲያማት የምታሽላት፣ ጎረቤት ሁሉ ልጅ ይስጥህ እንደሷ ነው የሚልላት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ሳቅ አልጠፋበትም። አንዲት ነገር ብቻ አትነሳም፤ ማንም ክልክል ነው ሳይል ሁለቱም ያውቋታል።

ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆናት መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ለማንም ሳትናገር ከሐኪም ቀጠሮ ያዘች፣ የዓመት ፈቃዷን ወሰደች። አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ግራ ዓይኗ በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ገባች። እናትየው ከወንበሯ ዘላ ተነሳች።

"ምን ሆንሽብኝ ልጄ?"

"ምንም አልሆንኩ። ዓይኔን አስተካከልኩት።"

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"አብረን እንሂድ ትዪኛለሽ ብዬ። እዚያ ቁጭ ብለሽ ስታለቅሺ ማየት አልፈለግኩም።"

ፋሻው በማግሥቱ የሚነሳ ነበር፤ ከዚያ በቀን አራት ጊዜ ጠብታ ይጨመርበታል። ይህ የእናትየው ሥራ ሆነ። ልጅቷ ብርሃን ያለበት ተቀመጠች፣ እናትየው ፋሻውን ቀስ ብላ ላጠችው። ነጩ ገና ደም መስሏል፤ ብሌኑ ግን መሐሉ ላይ ነው፣ ልክ እንደ ቀኙ። ሁለት መቶ ጊዜ የሳለችው ፊት አሁን እየተነፈሰ ያያታል። ስንት ዓመት ሙሉ በልቧ ስትለምነው የኖረችው ይኸው ነበር። ደስታው እስኪመጣ ጠበቀችው። የመጣባት ሐዘን ነው፤ ሳይሰናበቱት የሄደ ሰው ሐዘን። ያቺ ወደ አፍንጫ የምታደላ ዓይን ከእንግዲህ በምድር ላይ የለችም። በደንብ ያዩዋት ሽማግሌው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ሞተዋል።

"እንዴት ነው?" አለች ልጅቷ።

ዓይን ሰሪዋ አማረብሽ ልትል አፏን ከፈተች። ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ስትደርስ የትኛዋ ቃል እንደሆነች ገባትና ዋጠቻት።

"ድሮም ቆንጆ ነበርሽ፣ የኔ ልጅ" አለቻት። "ዓይንሽ ምንም አልነበረውም። ሰው ምን ይላል ብዬ የፈራሁት እኔ ነኝ።"

ልጅቷ በሁለቱም ዓይኖቿ ፊት ለፊት አየቻት። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ያ አሮጌ ዝምታዋም የለም።

"ያን ጊዜ ብትዪኝ ኖሮ፣ እማ፣ አላስነካውም ነበር" አለች። ቀጥላም፣ "በይ አሁን ጠብታዋ ሰዓቷ አለፈ" ብላ አንገቷን ወደ ኋላ ቀለስ አደረገችላት።