ታዬ፣ ና!

ፕላስተር ከጥቅሉ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። የካርቶን አፍ ሲታሸግ ክርርር ብሎ ይጀምርና መቀሱ ሲያርፍበት ድንገት ዝም ይላል። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ስካይቪው ራንች የምንለው ሰፈራችን ጎረቤቶቼ ቤት ሲለቁ ድምፁን በመስኮት ሰማሁት። ድስት ጥጄ ነበር፤ ቆሜ ስሰማ ሽንኩርቱ አረረብኝ። ያረረው ሽንኩርት ግን አልሸተተኝም። የሸተተኝ ሳሙና፣ ቸኮሌትና በኮምጣጤ የተቀቀለ ዶሮ ነው።

ያ የቲታ ቤት ሽታ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ እኔና እናቴ ቴምፕል የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤት ላይኛውን ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ ቤዝመንቱን፣ የምድር ቤቱን፣ የተከራየችው እሷ ነበረች። ቲታ ፊሊፒናዊት ናት፤ ቃሉ በቋንቋቸው አክስት ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ታጸዳለች። እናቴ ደግሞ ሆቴል ውስጥ ከሰዓት በኋላ ገብታ ማታ ነበር የምትወጣው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት የምታመጣኝ፣ የምታበላኝ፣ ፀጉሬን የምታበጥርልኝ ቲታ ነበረች።

ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ በብርድ አፍንጫዋ ቀልቶ ትጠብቀኝና፣ እጄን በጓንቷ አፈፍ አድርጋ «ታዬ፣ ና!» ትላለች። ዞር ብዬ አያለሁ። ታዬ የሚባል ልጅ የለም። መንገድ ልንሻገር ስንል «ታዬ፣ ና!»፤ ከሱቅ ልንወጣ ስንል «ታዬ፣ ና!»። ልጇን ባሕር ማዶ ለእናቷ ትታ እንደመጣች እናቴ ስታወራ ሰምቼ ነበርና ነገሩን በራሴ ፈታሁት። ልጇ ታዬ ይባላል፤ ሲናፍቃት ትጠራዋለች። የኔን እጅ ይዛ የሌላ ልጅ ስም መጥራቷ አንጀቴን አሳረረኝ። ይገርማችኋል፣ በሕይወቴ መጀመሪያ የቀናሁት በታዬ ነው።

አንድ ቀን እናቴን ታዬ ማን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«የምን ታዬ? ፊሊፒኖ ታዬ ይባላል እንዴ?» ብላ እስኪያንቃት ሳቀች። ለቲታም ነገረቻት። ቲታ እሷም ስትስቅ ቆይታ አስረዳችኝ። ለካ ታዬ ሳይሆን ታዮ ነው፤ እኛ ማለት። «ና» የሚሉትም መምጣት አይደለም፤ አሁን ማለት ነው። ታዮ ና ሲሉ፣ በቃ እንሂድ ማለታቸው ነው። «አንቺና እኔ፣ አናክ» አለችኝ በእንግሊዝኛ፤ አናክ ልጄ ማለት መሆኑን ቀድሜ አውቅ ነበር። ታዬ ሞተልኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል የግሌ አድርጌ ያዝኳት።

ቤዝመንቱ ጥግ ላይ ግን ሁልጊዜ አፉን የከፈተ ትልቅ ካርቶን ነበር። ሳሙና፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ቸኮሌት፣ ለኔ የጠበበኝ ልብስ ሁሉ እዚያ ይገባል። ሲሞላ ቲታ በጉልበቷ ጫን ብላ በፕላስተር ታሽገውና «ለልጄ» ትላለች። ልጇ ሴት እንደሆነች ቀሚሶቼ እዚያ ሲገቡ ነው ያወቅኩት። በልጅቷ አልቀናሁም። ለኔ ልጅቷ ካርቶኑ ነበረች፤ በካርቶን የሚቀና የለም።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ መጣች። ከትምህርት ቤት ብቻዬን ገብቼ የቤዝመንቱን ደረጃ ስወርድ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ከታች ቀና ብላ አየችኝ። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ በቁመት ግን ትከሻዬ ጋ ናት። ቀይ ካፖርት ለብሳለች፤ ጠቦኝ በካርቶን የሄደውን የኔን ካፖርት፣ የወደቀው ቁልፍ በሌላ ተተክቶ። የኔን ካፖርት ለብሳ የኔ ቲታ ጉያ ውስጥ ቆማለች። ቲታ ያለቀሰችበት ዓይኗ አብጦ «ነይ ተዋወቂ፣ እህትሽ ናት» አለችኝ። እጄን ሰጠኋት። ዓይኔ ግን ከካፖርቱ አልተነሣም።

ከዚያ ወዲያ ቤዝመንቱ በነሱ ቋንቋ ተሞላ። ቲታ እንደዚያ ፈጥና ስትናገር፣ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለካ ለኔ ስታወራ የነበረው በተቆነጠረ እንግሊዝኛ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ምንም ሳይገባኝ አዳምጣለሁ። በመጨረሻ ከቤተ መጻሕፍት አንድ የጀማሪ ሰዋስው አመጣሁ። ለፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ለስለላ ነው።

የኛ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል፤ የነሱ ግን ያስቀድመዋል። ኩማይን አንግ ባታ፤ በላ ልጁ። ወይም በላች ልጅቷ፤ ወንድና ሴት አይለዩም። እሱም እሷም ሲያ ነው። ይሄ ጤና ነሳኝ። ሲያ ባሉ ቁጥር እኔን የሚያሙ ይመስለኛል። ሲያ ባሕር ማዶ የቀረችው አያት ትሁን፣ የቢሮው አለቃ ይሁን፣ በምን አውቃለሁ?

«አማርኛሽ ራሱ ተበላሽቶ አሁን ደግሞ ፊሊፒኖ ስተዲ ታደርጊያለሽ?» አለችኝ እናቴ መጽሐፉን አይታ።

«ጀስት ለፈን ነው፣ ቲታ» አልኳት። አፌ ነው የሳተው። እናቴ ማንኪያዋን ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «እናትሽ ነኝ» አለች። ያን ጊዜ የራሴ ቅናት ጆሮዬን ደፍኖት የእሷን አልሰማሁትም።

ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ደረስኩ። እኛ የሚለው ቃል ሁለት ነው ይላል። ታዮ የሚሰማውን ሰው ይጨምራል፤ ካሚ የሚሰማውን ሰው ያስቀራል። በአማርኛ አንድ እኛ ብቻ ነው ያለን፤ ይኑርበት አይኑርበት ሰሚው በሆዱ ይገምታል። እነሱ ግን በሩን ዘግተው ይነግሯችኋል። ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ቲታ ሁሉን ነገር ካሚ ማለት ጀምራለች። ቅዳሜ ለልጇ ጫማ ልትገዛ ወደ ኢንተርናሽናል አቬኑ ስትወጣ «አአሊስ ካሚ» አለችኝ፤ እየወጣን ነው፣ ያላንቺ። ክፋት አልነበረባትም፤ ቋንቋው ነው እንዲህ የሚያስብላት። እኔ ግን መስኮት ሥር ቆሜ፣ ቀዩ ካፖርት በበረዶው መሃል እያነሰ ሲሄድ እያየሁ አለቀስኩ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ቤዝመንት ምሳ ቀርበናል። ቲታ በኔ ትምህርት ኮርታ «እስቲ አንድ ነገር በዪ» አለችኝ። ሦስት ቀን ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። ልጅቷን ዓይን ዓይኗን እያየሁ «ማሳያ ካሚ ዲቶ ኖኦን» አልኩ። ያን ጊዜ እዚህ ደስተኞች ነበርን ማለት ነው። በዚያ ላይ ካሚ፤ እኛ፣ አንቺን ሳይጨምር።

ቲታ አጨበጨበች። ቀጥላ እየሳቀች አረመችኝ። «ታዮ በዪ፣ አናክ። ካሚ ካልሽ እኮ እሷን አስወጣሻት።»

«ኦ፣ ሶሪ!» አልኩ፤ እንደ ጀማሪ ሳቅሁ። ስህተት እንዳልነበረ ከኔ ሌላ ያወቀው አንድ ሰው ነው። ልጅቷ አልሳቀችም። ተነሥታ ቀዩን ካፖርት ከማንጠልጠያው አወረደች፤ በጥንቃቄ አጥፋ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችውና ካላት ጥቂት እንግሊዝኛ «ዩርስ» አለችኝ። ያንቺ ነው።

እጅጌው ክርኔ ላይ ነበር የሚቀረው፤ ምን ያደርግልኛል? መልሼ በሩ ላይ ሰቀልኩት፤ አልነካችውም። በዚያ ብርድ አንድ ሳምንት ሙሉ በስስ ሹራብ ተመላለሰች። ቲታ ግትርነት መስሏት ተቆጣቻት፤ እሷም አላሳበቀችብኝም። በመጨረሻ ቲታ ከሥራ ባልደረባዋ ሌላ ካፖርት አምጥታላት፣ ቀዩን ጥጉ ላይ ያለው፣ አሁን ለእናቷ የሚላከው ካርቶን ውስጥ ጨመረችው። ፕላስተሩን ስታላቅቅ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። ክርርር አለና ዝም አለ።

በዚያው በጋ እናቴ የቀን ሺፍት አግኝታ ከቴምፕል ወጣን። እኔና ልጅቷ አድገን ወዳጆች ሆንን፤ በዓል እንጠራራለን፣ ልጆቻችን አብረው ይጫወታሉ። ያቺን «ካሚ» ግን አንዳችንም አንሥተናት አናውቅም። ይቅርታ ለማለት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት አወራሁ።

ዓምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስልክ ደወለች። እናቴ አሁን የምትኖረው ከኔ ጋር ነው፤ ያን ሰዓት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ልጅቷ ሁሌ በእንግሊዝኛ ነው የምታናግረኝ፤ የዚያን ቀን ግን በቋንቋዋ ጀመረች። ቲታ ጠዋት አርፋለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ኡሊላ ና ታዮ» አለችኝ።

ኡሊላ እናት አባት የሌለው ማለት ነው። እህት ወንድም የላትም፤ እኔ ብትል ይበቃት ነበር። ታዮ አለች። ስህተት አይደለም፤ የገዛ ቋንቋዋ ነው።

«ምን ሆንሽ? ማነው?» አለች እናቴ።

እናቴ ያን ጊዜ ሳህኑ ላይ ያስቀመጠቻት ማንኪያ ትዝ አለችኝና ቃሌን መረጥኩ። «እናቷ አረፈች» አልኳት።

እናቴ ትሪውን አስቀምጣ ጥቂት አየችኝ። ወደ ክፍሏ ገባች። ስትመለስ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ለኔም አንድ በክንዷ ይዛለች።

«በይ ተነሺ» አለችኝ፤ «እንሂድ።»