ጄኔራሉ እናቴን ያዳመጡበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ ቀበና ወንዝ ዳር በቆርቆሮ አጥር በተለያዩ ሁለት ግቢዎች ውስጥ አደግሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንደኛው የእኛ ነበር፤ አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ዳንኤልና እኔ የምንኖርበት። ሁለተኛውን ሰፈሩ «የጄኔራሉ ግቢ» ይለዋል። እናቴ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጥ ስለነበር፣ እሷ እስክትመለስ ድረስ ማምሻችንን የምናሳልፈው እዚያ ነበር።

ጄኔራሉ ጡረታ የወጡ የቀድሞው ጦር መኮንን ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ታስረው፣ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ተፈትተው ከእህታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እኛ ልጆች «አባባ ጄኔራል» እንላቸዋለን። በረንዳቸው ላይ በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ያነዱና ፍሙ ላይ እርጥብ ቅጠል ጣል ያደርጉበታል፤ ለትንኝ ነው ይሉ ነበር። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ሽታው ግን ልብሳችን ላይ እስከ ጠዋት ይቆያል። መብራት በጠፋ ቀን ፋኖስ ምስማር ላይ ይሰቅላሉ፤ ያኔ ጥላቸው ግድግዳውን አልፎ ጣሪያው ላይ ይታጠፍና ሰውየው ከራሳቸው የሚበልጡ ይመስለን ነበር። እጃቸው ግን ኪሮሽ ይዞ የሕፃን ኮፍያ ይሠራል። እስር ቤት የተማሩት ሙያ ነው። ሠራዊት ያዘዙ ሰው ሹራብ ሲሠሩ ማየት ለእንግዳ ያስቅ ይሆናል፤ እኛ ግን ወሬውና ኪሮሹ አብረው የተፈጠሩ ነበር የሚመስሉን።

የሚነግሩን ተረት የራሳቸው ሕይወት ነበር። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ ገብስ ከሚያርስ አባት እንደተወለዱ፤ ጫካው ውስጥ በሩጫ የሚሠለጥኑ ዕጩ መኮንኖች አይተው ከኋላ ከኋላ ሲሮጡ ፍየሎቻቸው እንደጠፉባቸው፤ ጦር ትምህርት ቤት የገቡ ዕለት አዲሱ ጫማ ጠቧቸው በሰልፍ መካከል እንዳነከሱ። ከሁሉ የምንወደው ምሥራቅ በረሃ ሳሉ ወታደሮቻቸው ያሳድጓት ስለነበረችው ዶሮ ነበር። እንቁላል በጣለች ቁጥር ማዕረግ ይጨምሩላታል። ከሃምሳ አለቃ ተነሥታ ሻለቃ ደርሳ፣ ኮሎኔል ልትሆን ስትል ጭልፊት ወሰዳት፤ ምሽጉ ውስጥ ያለው ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመላት። እኛ እዚህ ላይ በሳቅ እንንከባለል ነበር። ዳንኤል ግን አይስቅም። ጉልበቱን አቅፎ፣ ዓይኑን ፍሙ ላይ ተክሎ «ከዚያስ? ወዴት ዘመታችሁ?» ይላል።

ዳንኤል ያን ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ አልመጣለትም። ቀኑን ሙሉ ድልድዩ ላይ ተደግፎ ይውላል። በድንበር በኩል ጦርነት ተነሥቶ ስለነበር ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በየመንደሩ እየዞረች ወጣቶችን ትጠራለች። ወንድሜ መመዝገቡን እናቴ የሰማችው ሾላ፣ ከደንበኛዋ አፍ ነው። ዕቃዋን ሳትሰበስብ መጣች። ነጠላዋ በርበሬ እንደነካው፣ ወደ ቤታችን ሳትገባ በቀጥታ ወደ በረንዳው ወጣች።

«ጄኔራል፣ ልጄን በተረት ወሰዱብኝ!»

ኪሮሻቸውን አስቀምጠው ተነሡ። በዕድሜ ብዙ ቢበልጧትም እናቴን «እርስዎ» ነበር የሚሏት። «ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ምን ሆኑ? እስቲ አረፍ ይበሉ።»

«አላርፍም! ሄዶ ተመዝግቧል። ዶሮ እያሉ፣ ሰልፍ እያሉ ጦርነቱን ሠርግ አስመሰሉበት። ያ ሁሉ የሚያወሩለት ወታደር ስንቱ ወደ እናቱ ተመለሰ? እሱን ለምን አይነግሩትም?»

ጄኔራሉ አልተቆጡም፤ አልተከራከሩምም። ፊታቸው ላይ የመጣውን ጭስ በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ከዚያ «ነገ እነግረዋለሁ» አሉ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ዳንኤልን ይዘው ወደ እንጦጦ ሲወጡ እኔም ካልሄድኩ ብዬ አልቅሼ ተከተልኳቸው። ዳገቱ ላይ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ ጄኔራሉ ከመንገድ ወጥተው እያሳለፉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ወጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከተማው ወለል ብሎ ከሚታይበት ድንጋይ ላይ አረፍን። ያን ቀን የነገሩንን አንድም ምሽት ነግረውን አያውቁም።

ወጣት መቶ አለቃ ሳሉ፣ ከመጀመሪያው ውጊያ በኋላ፣ የአንድ ወታደራቸውን ሞት ለእናቱ እንዲያረዱ ተላኩ። ሩቅ ገጠር ነው፤ ከመኪና ወርደው ብዙ በእግር ሄዱ። ሴትዮዋ ከደጅ ሆና የደንብ ልብሱን አየች። ሮጣ መጥታ ሳመቻቸው፣ እግራቸውን አጠበች፣ ምግብ አቀረበች። ጄኔራሉ ቃሉ ከአፋቸው አልወጣ አላቸው። እሷ ግን ስለ ልጇ ማውራት ጀመረች። እንዴት እንደተወለደ፣ ጥርስ ሲያወጣ እንዴት እንዳስቸገራት፣ ወንዝ ሊወስደው ሲል ማን እንዳወጣው፣ ማንን ሊያገባ እንደሚያስብ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ድረስ አወራች፤ እሳቸውም እህ እያሉ ሰሙ።

«ሁሉንም ስትጨርስ» አሉ ጄኔራሉ፣ ከተማውን እንጂ እኛን ሳያዩ፣ «ነጠላዋን አጣፋችና ‹ልጄ፣ እስክጨርስ ስለጠበቅኸኝ እግዜር ይስጥህ። በል አሁን ንገረኝ› አለችኝ። ብቻዬን ስመጣ ካየችኝ ጊዜ ጀምሮ አውቃለች። ባልናገርበት ግማሽ ቀን ልጇን በሕይወት አቆይታው ነው።»

ነፋሱ የባሕር ዛፉን ቅጠል ሲያንሿሿ ይሰማል። ዳንኤል አንገቱን ደፍቶ ድንጋዩን በጥፍሩ ይፍቃል።

«ሂድ አልልህም፤ ቅርም አልልህም» አሉት። «እኔ በሄድኩበት አልጸጸትም። አንተ ግን ዶሮዋን ብቻ ሰምተህ እንዳትሄድ።»

ወንድሜ ሄደ። ሌሊት ጠፍቶ አይደለም፤ የእናቴን ጉልበት ስሞ፣ ጠዋት፣ ሁላችንም እያየነው። እናቴ ከጄኔራሉ ጋር ሰላምታ አቆመች። እኔም በረንዳው ላይ መውጣት ተከለከልኩ። ክረምቱ ገባ፤ ወንዙ ደፍርሶ ማጓራት ጀመረ።

አንድ ምሽት ዝናቡ ጋብ ሲል በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ጄኔራሉ ናቸው። ኮት ለብሰዋል፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ብቻቸውን ናቸው። ዳገቱ ላይ የሰማሁት ሁሉ ባንዴ መጣብኝ። መኮንን ብቻውን ወደ እናት ቤት የሚመጣው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። በሩን ይዤ መጮኽ ጀመርኩ።

«ዳኒ ሞቷል! እማዬ፣ ዳኒ ሞቷል!»

እናቴ ከጓዳ ስትወጣ የያዘችው ወንፊት ከእጇ ወደቀ። ጄኔራሉ ያን ጊዜ ያደረጉትን ከእሳቸው አልጠብቅም ነበር፤ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ሁለት ትከሻዬን ያዙ።

«አልሞተም። ስሚኝ ልጄ፣ አልሞተም። ምንም የሰማሁት ነገር የለም።» ከዚያ ቀና ብለው እናቴን አይዋት። «ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጅቷን አስደነገጥኋት። እኔ የመጣሁት ስለ ዳንኤል እንዲያወሩኝ ነው። በሕይወት እያለ ልስማ ብዬ ነው።»

እናቴ ይቀመጡ አላለችም፤ ይሂዱም አላለችም። በመጨረሻ በርጩማ በእግሯ ገፋ አደረገችላቸው። የመጀመሪያው ምሽት ብዙም ቃል አልወጣትም፤ ወንፊቱን አንሥታ ኮረሪማ ስትነፋ አመሸች። እሳቸውም ነፍታ እስክትጨርስ ተቀምጠው «ደኅና እደሩ» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ተመለሱ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን እናቴ ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ሲወለድ እኮ አላለቀሰም፤ ሞቶ የተወለደ መስሎን ነበር» አለች። ከዚያ አላቆመችም።

ያን ክረምት ሁሉ መጡ። ኪሮሻቸውን አያመጡም፤ ስለ ራሳቸው አንድ ነገር አይናገሩም። በከሰሉ ፍም ዙሪያ ሦስታችን ተቀምጠን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅዋን ከፍ እያደረገች፣ ሲያባራ ዝቅ እያደረገች፣ እናቴ ወንድሜን ትተርካለች። እኔ የማላውቀው ዳንኤል እዚያ ነው የተወለደልኝ። አንዳንዴ ታለቅሳለች፤ አንዳንዴ ጄኔራሉ ባርኔጣቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይስቃሉ።

ዳንኤል ከዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰ። ከስቷል፣ አንድ ጆሮው አይሰማም። ለወራት ከእኛ ጋር እንኳ ቃል አይለዋወጥም ነበር። ጄኔራሉ እሱንም በሚሰማው ጆሮው በኩል ተቀምጠው ጠበቁት። የነገራቸውን ሁለቱ ያውቃሉ፤ ለእኔ አንድም ቀን አልነገረኝም። ዛሬ ታክሲ ይነዳል፣ ልጆች አሉት።

ጄኔራሉ የሞቱት እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተቀበሩ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የተማሩበት፣ ያዘዙት ክፍል፣ ያገኙት ኒሻን ሁሉ ተጠቀሰ። ሁሉም እውነት ነው። እናቴ ግን አንባቢው ወረቀቱን አጥፎ ሲወርድ እጄን ያዝ አድርጋ «አለቀ እንዴ?» አለችኝ። ሌላም የሚነበብ ያለ መስሏት ትጠብቅ ነበር።

ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ከዚያ ሁሉ ምሽት ከእኔ ጋር የቀረው ሲናገሩ የሰማሁት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሲሰሙ ያየሁት ነው። ያኔ አዳማጭነት የደካማ ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ እኚያ ሰው ግን ከያዙት ማዕረግ ሁሉ ይህኛው ሳይከብዳቸው አልቀረም።

አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ከእኔ በታች ያለችው ጎረቤቴ ዘነበች ልጇ ሔለን ዓረብ አገር ከሄደች ሰንብታለች፤ ልጅቷ ሳትደውል ስትቀር ዘነበች ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርጋ ከፍታ ትቀመጣለች። ባለፈው ከሥራ ስገባ አንኳኳሁ። ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምን ሰማሽ?» አለች።

«ምንም አልሰማሁም። ስለ ሔለን እንድታወሪኝ ነው የመጣሁት።»

በሩን ክፍት ተወችልኝ። ከዚያ ተመልሳ ገባችና ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።