ስስት ስትል ማንን ነው?

የያዙኝ ኡራኤል፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መጥተው «መምህር፣ አንዴ ትፈለጋለህ» ሲሉኝ የተሰለፈው ሁሉ ስልኩን ማየት ጀመረ። ምን እንደጻፍኩ አውቅ ነበር። የተወለድኩበት የካዛንቺስ ሰፈር ሲፈርስ ፌስቡክ ላይ «ዶዘሩ ምን ያድርግ፤ ሰፈራችንን የበላው ስስት ነው» ብዬ ነበር። የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ቃሉን መርጬ ነው የጻፍኩት።

የታሰርኩበት ክፍል በረኪናና እርጥብ ካልሲ ይሸት ነበር። ጫማ በፌስታል ተቋጥሮ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ከቤት የሚመጣው ምግብ ሁሉ መሀል ይቀመጥና አብረን እንበላለን። የኔ ምግብ ግን አይመጣም። አጠገቤ የሚተኛው ሹፌር «መምህር፣ ማለቴ፣ ከሚስትህ ጋር ተኳርፋችኋል እንዴ?» እያለ ይቀልድብኛል። እስቃለሁ። የሰው እንጀራ ስቆርስ ግን እጄ ያፍራል፤ እሷንም በልቤ መውቀስ ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መርማሪው አስጠራኝ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ያም ሆኖ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አንተ» ይለኛል። እኔ «እርስዎ» ማለቴን አልተውኩም፤ የሱን ብልግና ልጋራው አልፈለግሁም። ስገባ እየበላ ነበር። «እንብላ» አላለኝም። በዚህ አገር ጠላትም ቢሆን ሲበላ ለደረሰበት ሰው «እንብላ» ይላል።

«ስስት ስትል ማንን ነው?» አለ እያላመጠ።

«ማንንም።»

«የሆነ ብሔር ማለትህ ነው። በቃ፣ እሱን ፈርምና ዛሬ ቤትህ ግባ።»

ብፈርም የምገባው ቤቴ እንዳልሆነ ገብቶኛል። የጥላቻ ንግግር ይሆንና ክሱ ለዓመታት ያስቀምጠኛል። ከዚያ በላይ ደግሞ በአንድ ሕዝብ ላይ የማላምንበትን ክፉ ነገር በእጄ መጻፍ ነው። ምን እንደምመልስ ሳስብ ዓይኔ ምሳ ዕቃው ላይ አረፈ። ክዳኑ ጫፉ የቀለጠ ነው፤ ሚስቴ ምድጃ አጠገብ ረስታው ያቀለጠችው። ቋንጣ ፍርፍሩም የሷ ነው፤ ቃሪያውን ሳትከትፍ እንደምትጥለው አውቃለሁ። ታዲያ በየቀኑ ትመጣ ነበር! በር ላይ ያሉት ፖሊሶች «ቅመሺ» እያሏት፣ መርዝ የሌለበት መሆኑን በራሷ አፍ እያሳየች፣ ለዚህ ሰውዬ ነው ስትቀልብ የከረመችው።

ወንበሩን አንስቼ ልፈነክተው ፈለግሁ። እውነቴን ነው፤ የት ጋ እንደምመታው ሁሉ መርጬ ነበር።

ተነሳሁና «ይፍቀዱልኝ» አልኩት። እንጀራውን በሰፊው ቆረስኩ፤ ፍርፍሩን፣ ቋንጣውን፣ ያንን ሙሉ ቃሪያ ጠቀለልኩበት። በግራ እጄ የቀኝ ክንዴን ደግፌ፣ ጎንበስ ብዬ አቀረብኩለት።

«ምንድነው?» አለ።

«በሞቴ!»

እናቱ በደንብ አሳድጋዋለች መሰለኝ፤ «በሞቴ» ሲባል አፉ ራሱ ተከፈተ። እስከ ጣቴ ድረስ አስገባሁለት። ጉንጮቹ ተወጠሩ፤ መትፋት ነውር፣ መዋጥ ጭንቅ ሆነበት።

«እንግዲህ ስስት ማለት» አልኩት ክፍል ውስጥ በማስተምርበት ድምፅ፣ «የግእዝ ቃል ነው። ስስዕት ይባል ነበር፤ በአፋችን ላይ አጥሮ ነው ስስት የሆነው። መነሻው ሆድ ነው፦ ጠግቦ አለመጥገብ። ቆይቶ ለመሬቱም፣ ለገንዘቡም፣ ለሥልጣኑም ሆነ። ብሔር የለውም፣ ጌታዬ። የሌላ ሰው ምሳ ፊቱ ሲቀርብ እጁን መሰብሰብ ያቃተው ሁሉ አለበት። ይዋጡት፤ ሚስቴ ቀምሳዋለች።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። መርማሪው ቃሪያው ደርሶበት ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ውሃ እያለ በእጁ ይጠቁማል። ውሃው እኔ አጠገብ ነበር። አላቀበልኩትም።

አልፈረምኩም። ለዚያች ጉርሻ ጨለማ ክፍል ገባሁ፤ ጠያቂም ተከለከልኩ። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ የሚያስከስስ ነገር የለም ብሎ ለቀቀኝ። ቤት ስገባ ምሳው አንድ ቀን እንኳ እንዳልደረሰኝ፣ መርማሪው ይበላው እንደነበር ለሚስቴ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን የሰውየውን ስም ጠየቀችኝ።

አሁንም አስተምራለሁ። ወዳጆቼ «ይቅር በለው፣ አለፈ እኮ» ይሉኛል። እሺ እላቸዋለሁ፤ ይቅር ግን አላልኩም። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎቼ ይህን ቃል ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ምሳሌ እጽፋለሁ፦ «መርማሪው ከስስቱ የተነሳ የእስረኛውን ምሳ በላ።» ልጆቹ ይገለብጡታል። ከዚያ ጮክ ብለው እንዲያነቡት አደርጋለሁ፤ ድምፃቸው ካነሰኝ ደግሞ አስደግማቸዋለሁ።