በሚካኤል ደጃፍ የቀረ ጫማ

እናቴ ወንድሜን አላለቀሰችውም። ሰው ሲሰማ ጉድ ይላል፤ እውነቱ ግን ይሄ ነው። የተሳፈረባት ጀልባ ባሕር ላይ ከጠፋች ስንት ክረምት አለፈ። ዘመድ አዝማድ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ «ማን ሞቶ?» እያለች ትመልሰው ነበር። በእኛ አገር አስከሬን ባይገኝ እንኳ የሟቹ ልብስ ይወጣና በእሱ ላይ ይለቀሳል። ወንድሜ ግን ከቤት ሲወጣ ያለችውን ልብስ ለጓደኞቹ አከፋፍሎ፣ የተረፈችውን ለብሶ ነው የሄደው። «ታዲያ ምን ይዤ ላልቅስ?» ትላለች።

እኔ የምኖረው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት፣ ቦርንሃይም የሚባል ሰፈር ነው። ኦስትሃፈን፣ ወንዙ ዳር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ካርቶን እጭናለሁ። እኔም አላለቀስኩም፤ እሷ ሳታለቅስ እኔ ማን ነኝና? ባለፈው ዓመት የጉብኝት ቪዛ ተሳክቶላት ስትመጣ፣ ከተማውን ላዞራት፣ ከልጄ ጋር ላጫውታት ጓጉቼ ነበር። እሷ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ «ያን መንደር አሳዪኝ» አለች።

ወንድሜ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለላት ኪዮስ ከምትባል የግሪክ ደሴት ነው። ከስደተኞች መጠለያው እየወጣ ገበሬዎች ዘንድ የቀን ሥራ ይሠራ፣ ከቁጥቋጦ የሚወርድ ሙጫ ይለቅም ነበር። ልጅ ሳለን የምናላምጠው ማስቲካ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሙጫ ነው። «እማዬ፣ ምሽግ የመሰለ መንደር ነው ያለሁት፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ቅዱስ ሚካኤል አለልሽ» ብሏት ነበር። ከዚያ በኋላ ከሌሎች ጋር በትንሽ ጀልባ ወደ ዋናው መሬት ሲሻገር ባሕር ላይ ቀረ። ቀረ የምለው እኔ ነኝ፤ እሷ «ዘገየ» ነው የምትለው።

ተናደድኩ። «እዚያ ሄደሽ ምን ልታገኚ ነው? ድንጋይ!» አልኳት።

«ድንጋዩን ልየው» አለች።

ከእሷ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላውቅም። አለቃዬን ለምኜ ኡርላውቤን፣ የዓመት ፈቃዴን፣ አስቀደምኩ፤ ልጄን ጎረቤት ዘንድ ትቼ በረርን።

ወንድሜ በነገራት ምልክት ፈልጌ ያገኘሁት መንደር ሜስታ ይባላል። ከውጭ ሲያዩት አንድ ግዙፍ ግንብ እንጂ መንደር አይመስልም። በጥንት ዘመን የባሕር ወንበዴ ነዋሪዎቹን መድረሻ ሲያሳጣቸው፣ ቤቶቻቸውን ግድግዳ ለግድግዳ አጣብቀው፣ ጀርባቸውን ለውጭ ሰጥተው ሠሩ። የዳር ቤቶቹ ጀርባ ራሱ አጥር ነው። በበሩ ስንገባ መንገዱ ጠበበ፤ ከላያችን የድንጋይ ቅስት ፀሐይዋን ጋረዳት፤ አንዱ መተላለፊያ ወደ ሌላው ይጥላል እንጂ የሚያወጣ አይመስልም። እማዬ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች ትሄዳለች።

«ከባሕር የሚመጣ ሰው አይወዱም ነበር ማለት ነው» አልኳት።

«ፈርተው ነው እንጂ! የፈራ ሰው ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው» ብላ ተቆጣችኝ። ትንሽ ሄድ ብላ ደግሞ «ልጄን ግን አስገብተውታል» አለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንደሩ መሃል ነው። እማዬ መቃኑን ተሳለመችና ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«እማዬ፣ እዚህ አገር አያወልቁም።»

«እነሱ ባያወልቁ እኔ ምን አገባኝ? ሚካኤል እንደሆነ ያው ሚካኤል ነው።»

በካልሲዋ ገባች። እኔም አፈርኩና አወለቅኩ። ወለሉ በረዶ ነው፣ አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል።

ውስጥ አንዲት ጥቁር የለበሱ አሮጊት የሻማ መቆሚያውን ይወለውላሉ። እግራችንን አዩ። ከዚያ ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን ጫማችንን አዩ። መወልወያው ከእጃቸው ወደቀ። በግሪክኛ የሆነ ነገር አሉን፤ እንዳልገባን ሲያዩ በጀርመንኛ «ከየት ናችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ክው አልኩ። ለካ በወጣትነታቸው ጀርመን ሠርተዋል፤ ያውም እኛው ከተማ፣ ዚንድሊንገን ሰፈር፣ ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ። የምንኖረው ፍራንክፈርት፣ አገራችን ግን ኢትዮጵያ እንደሆነ ስነግራቸው ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

«አንድ ልጅ ነበር» አሉ። «እንደ እናንተ ጫማውን የሚያወልቅ።»

እማዬ ክንዴን ጨመቀችው። «ምን አሉ? ተናገሪ እንጂ አንቺ!» ተረጎምኩላት።

ጊዜው ብርድ ነበር አሉ። ልጁ ባዶ እግሩን ቆሞ ሲጸልይ አይተው፣ ጫማ የሌለው ምስኪን መስሏቸው፣ ቤት ሮጠው የሟች ባላቸውን ቦት ጫማ አመጡለት። ደጁ ላይ የራሱ ጫማ መኖሩን ያዩት ከሰጡት በኋላ ነው። በጣም አፈሩ። ወንድሜ ግን ትልቅ ሰው የሰጠውን አይመልስም፤ እንዲያ ነው ያደግነው። ሳቅ ብሎ እጃቸውን ሳመ፣ ቦቱንም አጠለቀው። ወደ እኔ ለመምጣት ሲል በስልኩ የሚማራት ሰባራ ጀርመንኛ ነበረችው። የራሱን ጫማ አሮጊቷ አቅፈውት ሲያይ «እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ፤ እህቴ ፍራንክፈርት ናት፣ ከእሷ ጋር መጥቼ እወስደዋለሁ» አላቸው።

አሮጊቷ ወጥተው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱ። እማዬ ፈታችው። ጫማውን ገልብጣ ተረከዙን አየች። በቀይ ክር ተሰፍቷል።

«ሰፈራችን ያለው ጫማ ሰፊ ነው የሰፋው» አለች።

አሮጊቷ እንባቸው ይወርዳል። ጀልባዋ መጥፋቷን ሰምተዋል። «ቦቱ ከባድ ነበር» አሉኝ። «ውሃ ሲገባበት ደግሞ ይብሳል። ይህን እያሰብኩ ነው የምኖረው። ለእናቱ ንገሪያት።»

እንዲህ ያለ ነገር ለእናት እንዴት ይነገራል? ነገርኳት።

እማዬ ጫማውን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ከዚያ ተነሳችና የአሮጊቷን ጉንጭ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እግሩ ሳይበርደው ሄደ በያቸው» አለችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ በያቸው። እኔ በሌለሁበት እናት ሆነውታል በያቸው።»

እኔ ያን ስተረጉም ነው የተሰበርኩት። አሮጊቷ የእማዬን እጅ ይዘው አለቀሱ። እማዬ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው ለበሰችው። እዚያው ሚካኤል ፊት ልጇን በስሙ እየጠራች አለቀሰች። ሊጎበኙ የገቡ ሰዎች ቆባቸውን አውልቀው ዳር ላይ ቆሙልን።

ፍራንክፈርት ስንመለስ ለቅሶ ተቀመጥን። ሥራና ቴርሚን የሚሉት ቀጠሮ ሰው በሚያዋክብበት አገር ማን ይመጣል ብዬ ነበር። ሰውን አላወቅሁትም ነበር። ኤርፖርት የሚያጸዱት፣ አረጋውያን የሚንከባከቡት ከነሥራ ልብሳቸው መጡ። ሙስሊም ወዳጆቻችን ድስት ተሸክመው በከተማው ባቡር፣ በኡ-ባን፣ መጡ። ሁሉም በራፌ ላይ ጫማውን እያወለቀ ይገባል፤ ኮሪደሩ በጫማ ሞላ። ከላይ የምትኖረው ጀርመናዊት ጎረቤቴም ሰውን አይታ አወለቀች።

እማዬ የወንድሜን ጫማ ሳሎን፣ ፎቶው ፊት አስቀምጣ ነበር የምታለቅሰው። በሦስተኛው ቀን ሰው ሊነሳ ሲል ግን አነሳችው። ወደ በሩ ወሰደችና ከእንግዶቹ ጫማ ጎን አስተካክላ አኖረችው። ሰዉ «እግዜር ያጽናችሁ» እያለ፣ ጫማውን እያጠለቀ መውጣት ጀመረ።

በመጨረሻ የአንድ ሰው ጫማ ብቻ ቀረ። ልጄ ከክፍሏ ብቅ ብላ አየችውና እንደ ልማዷ በጀርመንኛ «ይሄ የማን ነው? ማን ነው ያልሄደው?» አለችኝ። እማዬ ጀርመንኛ አትችልም፤ ጣቷ ወዴት እንደጠቆመ ግን አይታለች።

«የአጎትሽ ነው በያት» አለች። «ደርሷል፤ ገብቷል በያት።»

ነገርኳትና በሩን ዘጋሁ።